የሰባራ ድልድይ ልጆች አርክቴክት መሆን ሲያምራቸው

ባለፈው እሁድ ማታ ሽሮው ገና ከምድጃ ሳይወርድ ስልክ ተደወለ። ታናሽ እህታችን ናት፣ ከባሕር ዳር። እሷ ስትደውል አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቀው ካርድ ነው። የዚያን ዕለቱ ግን ሌላ ሆነ።

«እታለም፣ አርክቴክት ለመሆን ምን ምን ይጠይቃሉ?»

ለማታውቁን፦ እኛ ሁለት ነን። የምንበላለጠው በአንድ ዓመት ነው። ትምህርት ቤቱ ከቤታችን ሩቅ ስለነበር አባታችን «አንዷ ብቻዋን አትሄድም» ብለው በአንድ ቀን አስመዘገቡን። ከዚያ ወዲህ አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ፣ አንዳንዴም አንድ ደብተር። የተለያየነው ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ነው፤ አንዳችን ጋዜጠኝነት፣ አንዳችን አካውንቲንግ ደረሰን። አሁን አዲስ አበባ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። የምትጽፈው ጋዜጠኛዋ ናት፣ የምታርመው ሒሳብ ሠራተኛዋ። ስለዚህ «እኛ» ስንል ማዕረግ ፈልገን እንዳይመስላችሁ። እውነትም ሁለት ነን።

ታናሿ 10ኛ ክፍልን ጨርሳለች። ዓርብ ቅጽ ትሞላለች። ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን አለ፤ የተፈጥሮ ሳይንስና የማኅበራዊ ሳይንስ። አንዱ ላይ ምልክት ታደርግና 11ኛ ክፍል ትገባለች። ይኸው ነው። ሐሙስ ማታ መልሰን እንደምንደውል ቃል ገባንላት። ጋዜጠኛ ተብሎ የተመረቀ ሰው ሥራው መጠየቅ አይደል? አራት ቀን ሙሉ ስንጠይቅ፣ ስናነብ፣ ስናወዳድር ሰነበትን። እንዲህ ያለ ቅጽ የያዘ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ካላችሁ ይጠቅማችኋል ብለን ያገኘነውን ጻፍነው። ደግሞም፣ ለምን እንዋሻለን፣ የራሳችን ቁጭት አለበት።

*

መጀመሪያ ይህ አርክቴክት የሚሉት ነገር ከየት መጣባት?

የሞጣ ልጆች ነን። ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ ረጅም የእግር መንገድ ከወረዱ በኋላ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኝ። ኖራው በእንቁላል ተለውሷል ሲሉ ሰምተናል፤ ሽማግሌ ያወራውን አናፈርስም። በጣልያን ወረራ ዘመን ቅስቱ ተቆረጠና ስሙ ሰባራ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሰው በገመድ ነበር የሚሻገረው። ከዚህ በኩል ወንዶች ገመድ ይይዛሉ፣ ከዚያ በኩልም ይይዛሉ፣ ተሻጋሪው መሃል ላይ ታስሮ ይጎተታል።

እናታችን ከማዶ ናት። ከአንዳቤት በኩል። ሙሽራ ሆና ወደ ሞጣ የመጣችው ከወገቧ ታስራ፣ በገመድ ተጎትታ ነው። «ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» ትላለች። «ስገልጠው ባል አገባሁ።» እሷ ትስቃለች፤ እኛ ግን ልጆች ሆነን ይህን ታሪክ ስንሰማ እግራችንን ይበርደን ነበር።

ከዚያ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሰው፣ ሰዎች በሰባራ ድልድይ ላይ በገመድ ሲጎተቱ የሚያሳይ ፎቶ መጽሔት ላይ አየ። በ1994 ዓ.ም ባልደረቦቹን ይዞ መጣና የተቆረጠውን ቅስት በብረት አገናኘው። ዛሬ በብዙ አገር የገጠር ድልድይ የሚሠራው «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የሚባለው ድርጅት የተወለደው ከዚሁ ከእኛ ሰባራ ድልድይ ነው። ግን ዓባይ ዝም ብሎ አላየም። በ1997 ጎርፍ ብረቱን ይዞት ሄደ። እናታችን እንደገና ከእናቷ ተቆረጠች። በ2001 ዓ.ም ድርጅቱ ተመልሶ ከውሃው ከፍ ያለ፣ በገመድ ብረት የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ሠራ።

አባታችን ግንበኛ ናቸው። ያኔ ከሌሎች የአገር ሰዎች ጋር ድንጋይ ሊያነሱ ወርደው ነበር። ሲመለሱ ስለ ብረቱ እንዲያወሩልን ጠበቅን። እሳቸው ያወሩን ስለ ወረቀት ነው። «ሰዎቹ ጠዋት ጠዋት ወረቀት ዘርግተው ያያሉ። ድልድዩ እዚያ ላይ አልቋል። እኛ ገና ድንጋይ እንሸከማለን፣ ድልድዩ ግን አልቋል» አሉን። ታናሻችን ያኔ አልተወለደችም። ነገር ግን ይህ ታሪክ በቤታችን እንደ ቡና ቁርስ ስለሚቀርብ እሷም በልታዋለች።

እንግዲህ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የተነሳውን ግጭት ታውቁታላችሁ። ትምህርት ቤቷ ተዘጋ። አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ዋለች። ከዚያ ባሕር ዳር አክስታችን ዘንድ ሄደች። እዚያ ደግሞ ሌላ ዓባይ፣ ሌላ ድልድይ ገጠማት፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው። የሂሳብ ደብተሯ ጀርባ ድልድይ ብቻ እንደሆነ አክስታችን ነግራናለች፤ ክስ መሆኑ ነው።

*

አሁን ወደ ቁጭታችን።

በ2005 ዓ.ም እኛም ያንን ሣጥን ሞልተናል። ያን ጊዜ የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ነበረ፤ እሱን ያለፈ መሰናዶ ይገባል። በተማርንበት ትምህርት ቤት፣ ስሙን እንለፈው፣ የፊዚክስ አስተማሪው በዓመቱ አጋማሽ ለቆ ሄዶ ተተኪ አልመጣም። ሁለታችንም ስዕል እንወድ ነበር። አንዳችን የሞጣን ቤቶች በር በደብተር ላይ እየሳለች ትሰበስብ ነበር፤ ከዚያ ደብተር አራት ገጽ ዛሬም አለ። ቅጹ ሲመጣ ግን ስለ ስዕል የጠየቀን አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም። «ፊዚክስ አልተማራችሁም፣ ማኅበራዊ ሙሉ» አሉን፤ ሞላን። ሁለት ደቂቃ ፈጀ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ በመኝታ ክፍላችን አንዲት የአርክቴክቸር ተማሪ አገኘን። ከካርቶን የቤት ሞዴል ስትሠራ ሌሊቱን ሙሉ ታነጋለች፤ ሙጫው ይሸተናል፣ መብራቱ አያስተኛንም። አንድ ሌሊት «ይህ ትምህርት ነው?» ብለን ጠየቅናት። ትምህርት ነበር። አምስት ዓመት የሚፈጅ፣ ዲግሪ የሚሰጥ፣ ቤትና ሰፈር እንዴት እንደሚታሰብ የሚያስተምር ትምህርት። እንግባ ብንል የሚገባው ከተፈጥሮ ሳይንስ የመጣ ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። በሩ የተዘጋው እኛ በር መኖሩን ሳናውቅ ነው።

*

ስለዚህ ለታናሿ የመጀመሪያው መልሳችን ማስተካከያ ነበር። ድልድይ የሚነድፈው በዋናነት ሲቪል ኢንጂነር ነው። ሸክሙ ስንት ነው፣ ምሰሶው ይችለዋል ወይ፣ ጎርፍ ሲመጣ ምን ይሆናል፣ እነዚህ የእሱ ጥያቄዎች ናቸው። አርክቴክት ደግሞ ሰው በሚኖርበት፣ በሚሠራበት፣ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ይጨነቃል፤ ብርሃኑ በየት ይገባል፣ እናት ልጇን ይዛ በየት ትወጣለች፣ ቤቱ ከሰፈሩ ጋር እንዴት ይኖራል። የኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት የሚባለው ሥራው በገንዘቡና በጊዜው እንዲያልቅ ማድረግን ያስተምራል። የከተማ ፕላን አለ፣ እሱ ከአንድ ሕንፃ አልፎ መንገዱንና ሰፈሩን ያያል። ልጅቱ ድልድይ ስትስል ገመዱን ነው የምትስለው ወይስ የሚሻገሩትን ሰዎች? ይህን ጠየቅናት። «ሰዎቹን» አለች። እንግዲያው አርክቴክቸር።

የት ትማር?

ቀዳሚው ልደታ የሚገኘው፣ ሰው ሁሉ ሕንፃ ኮሌጅ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን ትብብር የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ተባለ። ከሌሎቹ የሚለየው አርክቴክቸሩን፣ ግንባታውንና የከተማ ፕላኑን በአንድ ግቢ ማስተማሩ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ለቅድመ ምረቃ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን አያስገባም፤ ሁለተኛ በር አለው።

የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም አርክቴክቸር አላቸው። እነዚህም ተማሪ የሚመርጡት በራሳቸው ፈተና ነው። ፈተናው የሳይንስና የሂሳብ ልጆችን የሚፈልግ ነው፤ ሂሳብ ለሚወድ ሰው ጥሩ በር ነው።

ቀጥሎ በሚኒስቴሩ ምደባ የሚገባባቸው አሉ፦ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ እና ሌሎችም። እዚህ ተማሪው ዩኒቨርሲቲዎቹን በምርጫ ቅደም ተከተል ይሞላል፣ ይመደባል፣ የመጀመሪያውን ዓመት ከሌሎች ጋር ይማራል፣ ከዚያ በውጤቱና በምርጫው ወደ ትምህርት ክፍል ይገባል። ይህ ማለት ዩኒቨርሲቲ መግባት አርክቴክቸር መግባት አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት ራሱ የመግቢያ ፈተና ነው። ይህን የማያውቅ ልጅ አንደኛ ዓመት ላይ «ደርሻለሁ» ብሎ ይዝናናና ሁለተኛ ዓመት ላይ ያልፈለገው ክፍል ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። የስዕል ችሎታ መመዘኛ የሚጨምር ክፍልም ሊኖር ስለሚችል በዓመቱ የወጣውን ማስታወቂያ እዚያው ሄዶ ማንበብ ነው።

ከግሎቹ ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ያስተምራል። ገንዘብ ስላለ ብቻ ግን አይገባም፤ ሚኒስቴሩ የሚያወጣው መቁረጫ ነጥብ ለግልም ይሠራል። ለእኛ ቤት ይህ በር ከነጭርሱ የለም፤ የግንበኛ ደመወዝ የአምስት ዓመት ክፍያ አይችልም።

ንድፍ ማለት ሕንፃ ብቻ አይደለም ለምትሉ፣ ሁለት ሌሎች በሮች አሉ። ባሕር ዳር የሚገኘው የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፋሽን ዲዛይን ያስተምራል። አዲስ አበባ ደግሞ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1957 የመሠረቱት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለ። ይህ ትምህርት ቤት እጅህን አሳየኝ የሚል ነው፤ አመልካቹ ተቀምጦ ይስላል፣ በሣለው ይመዘናል።

የትኛውም ጋ ገቡ፣ መውጫው ላይ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። አምስት ዓመት ስቱዲዮ ውስጥ አንግቶ፣ ሥራውን በአስተማሪዎች ፊት አቁሞ ተከራክሮ፣ መጨረሻ ላይ አንዱን ፊደል እያጠቆረ ይፈተናል።

*

አሁን የሁሉንም የጋራ በር እንይ፤ የ12ኛ ክፍልን። ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም ከተፈታኞች 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015፣ 3.2። በ2016፣ 5.4። በ2017፣ 8.4። ቁጥሩ እየጨመረ ነው፣ ይጨምርም። ግን ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ የሚሆነው በሩ ላይ ቀርቷል። ትምህርት ቤቷ አንድ ዓመት የተዘጋባት ልጅ ከዚያ መቶ ውስጥ የት ጋ ትቆማለች? ይህን ስንቆጥር ሒሳብ ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የሚፈተነው እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲቲዩድ ነው። ሂሳቡና ፊዚክሱ ተገቢ ነው፤ ጣሪያ በስሜት አይቆምም። ግን ታሪክና ጂኦግራፊ በሌላኛው ሣጥን ውስጥ ናቸው። ቤት የሚነድፍ ሰው ሰው እንዴት እንደሚኖር፣ አገሩ ደጋ ይሁን ቆላ፣ ትናንት በምን ይሠራ እንደነበር ማወቅ የለበትም? ቅጹ አርክቴክቸርን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለእኛ፣ ግማሹን ለእነሱ ሰጠ፤ በሩን ግን ከአንድ ወገን ብቻ ከፈተ። ስዕል ደግሞ በየትኛውም ሣጥን የለም።

ሌላው ዓለምስ? ሕንድ አርክቴክቸር የሚያመለክት ተማሪ ሂሳብ መማር አለበት፤ ከዚያ በላይ ግን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለአርክቴክቸር ብቻ የተዘጋጀ አገር አቀፍ የችሎታ ፈተና አላቸው፣ ማየትንና መሳልን የሚፈትን። እንግሊዝ አገር ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች አመልካቹ የሥራዎቹን ስብስብ ይዞ እንዲመጣ ይጠይቃሉ፤ አርክቴክት ለመባልም ትምህርቱን ጨምሮ በሦስት ደረጃ የተከፈለ ረጅም መንገድ አለ።

ይህን ስናነብ መጀመሪያ «ይኸው! ስዕል ይፈተን!» ብለን ጮኸን። ቆየት ብለን ደግሞ አፈርን። የስዕል ፈተና ቢመጣ ማን ያልፋል? አዲስ አበባ ክረምት ክረምት የስዕል ትምህርት የሚከፈልለት ልጅ አይደለም? የሞጣ ልጅ የሥራ ስብስብ ብትባል የምታቀርበው የሂሳብ ደብተሯን ጀርባ ነው። በሩን በቀየርን ቁጥር ቁልፉን ለዚያው ለከተማ ልጅ ከሰጠነው ምን ሠራን?

በዚህ መሃል የፍራንሲስ ኬሬን ታሪክ አነበብን። ኬሬ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ የምትባል የገጠር መንደር ልጅ ነው። አናጢ ነበር። በሙያ ሥልጠና ዕድል ጀርመን ሄደ፣ በማታ ትምህርት ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰ፣ ከዚያ በርሊን አርክቴክቸር ገባ። ገና ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሠራ፤ በአገሩ አፈር፣ ከአገሩ ሰው ጋር፣ ሙቀቱ እንዲወጣ ጣሪያውን ከግድግዳው ከፍ አድርጎ። እ.ኤ.አ. በ2022 በሙያው ትልቁን ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን አገኘ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። እዚህ ላይ ልባችንን የነካው ሽልማቱ አይደለም። አንድ አናጢ ዘግይቶ ቢመጣም የሚገባበት የማታ በር ማግኘቱ ነው። አባታችን ድንጋይ ሲያስቀምጡ አይተናል። የማታ በር ቢኖርስ?

*

ምሳሌ ፍለጋ በርሊን ድረስ መሄድም አያስፈልግም። የጎጃም ልጆች ነን እኮ።

ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ የታወቀ የቅኔ አገር። ከሞጣ ተነስተን በቢቸና፣ በደጀን አድርገን አዲስ አበባ ለትምህርት ስንመጣ በአውቶቡሱ መስኮት ለምድ የለበሱ ተማሪዎች እናይ ነበር። አጎታችን ከእነሱ አንዱ ነበሩ። እሳቸው እንደሚሉት የቅኔ ቤት መግቢያው ቀላል ነው፤ ዳዊት የደገመ ይመጣል፣ ጎጆውን ይቀልሳል፣ ለምኖ ይበላል። ኮታ የለም፣ ምደባ የለም። ፈተናው ከገቡ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል። ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያፈርሱበታል። እንደገና ይቆጥራል፣ እንደገና ይፈርስበታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። ያልቻለ ራሱ ይሄዳል፤ የቻለ ይመረቃል። ያቺ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን የካርቶን ቤቷን ለአስተማሪዎቿ አቅርባ ሲያፈርሱባት እያለቀሰች ስትመለስ፣ አጎታችን ስለ የኔታ የሚነግሩን ነበር የሚታወሰን።

የቅኔ ቤትም ቢሆን ለሁሉ ክፍት አልነበረም፤ የወንድ ቤት ነበር። ግን በዚህችው ጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የሚባሉ የቅኔ መምህርት ነበሩ። ሴት ናቸው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር ናቸው። ያስተማሯቸው ቅኔ አዋቂው አባታቸው ነበሩ። ኋላ እሳቸው ራሳቸው ጉባኤ ዘርግተው ወንዶቹን አስተማሩ። ቅጽ ቢሞሉ ኖሮ በየትኛው ሣጥን ይገቡ ነበር? ሰው አስቀድሞ በሩን ከፈተላቸው፣ ከዚያ ሥራቸው ተመዘነ።

አራት ቀን ስናወዳድር ቆይተን የደረስንበት ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚለጥፉት መስፈርት ሁሉም ይነበባል፣ ይወዳደራል፣ ይጠናል። የማይለጠፈው አንድ መስፈርት ግን ከሁሉም ይቀድማል፦ ሣጥኑ ክፍት ሳለ፣ በ16 ዓመትሽ፣ የሚነግርሽ ሰው ማግኘት። እኛ አላገኘንም። እሷ ሁለት አላት።

*

ሐሙስ ማታ ደወልን። በስንት መከራ ሞጣንም አገናኘናት፤ ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ።

እናታችን ቀደመች። «የምታልፍበትን ትሙላ። ፊዚክስ ካልተማረች ምን ልትሆን ነው? እናንተ ማኅበራዊ ሞልታችሁ እንጀራ አልበላችሁም?»

በልተናል። ይህን መካድ አይቻልም። የመቶኛ ቁጥሮቹንም ነገርናት፤ ከእናት አይደበቅም። ተፈጥሮ ሳይንስ ሞልታ 50 ባታመጣ፣ ማኅበራዊ ሞልታ ብታልፍ ኖሮ እያልን ዕድሜ ልካችንን እንደምንጸጸትም እናውቃለን። የምንጫወትበት የራሳችን ዕድል አይደለም፣ የእሷ ነው። ስለዚህ «ሙዪ» አላልናትም። በሮቹን ሁሉ ነገርናት፤ ሕንፃ ኮሌጅን፣ አዳማን፣ ባሕር ዳርን፣ የመጀመሪያ ዓመትን ወጥመድ፣ የስዕል ትምህርት ቤቱን፣ ፋሽኑን። ማኅበራዊ ብትሞላ የትኞቹ እንደሚዘጉ ነገርናት። ያመለጠችው የአንድ ዓመት ፊዚክስ ስንት ሌሊት እንደሚጠይቃት ነገርናት።

አባታችን ዝም ብለው ቆዩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን ነበር።

«ያ ትምህርት» አሉ በመጨረሻ፣ «ወረቀቱን ማንበብ ያስተምራል?»

«ያስተምራል አባ። መሥራትም ያስተምራል።»

«እንግዲያ እሷ የምትለውን እንስማ።»

ታናሿ እዚያ ላይ ምንም አላለችም። እንደምታስብበት ነገረችንና ስልኩ ተዘጋ። ያን ሌሊት ሁለታችንም በደንብ አልተኛንም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መልእክት መጣ፦ «ሞላሁ። ተፈጥሮ። ፊዚክስ የሚያስጠናኝ ፈልጉልኝ። ካርድም።»

ካርዱን ልከናል። ባሕር ዳር ፊዚክስ የሚያስጠና ሰውም አግኝተናል፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ የቤት ኪራዩን፣ የአስቤዛውንና የአስጠኚውን ገንዘብ በአንድ ወረቀት ላይ ስትደምር አመሸች፤ ሽሮ ይበዛል ማለት ነው። የቀረን አንድ ነገር ነው። ከአንባቢዎቻችን መካከል አርክቴክቸር ጨርሳችሁ ወደ ኮምፒውተር የዞራችሁ፣ አልጋ ሥር አቧራ የሚጠጣ አሮጌ ቲ ስኩዌር ያላችሁ ካላችሁ፣ አትጣሉት። ባሕር ዳር የሚሰደድበት አድራሻ አለን።